ሹራብ አይመዘንም

በጤና ጣቢያው በረንዳ ሕፃናት የምትመዝነው ሴት መዳፏን ሳታሟሙቅ ልጅ አትነካም። በየሳምንቱ የምትመዘን አንዲት ከሲታ ሕፃን ዛሬም ክብደት ካልጨመረች ሆስፒታል መግባቷ ነው። እናቷ በሦስት ሹራብ ጠቅልላ አመጣቻት።

«የኔ እህት፣ የምመዝነው ልጅ ነው ወይስ የልብስ ሱቅ?» አለች መዛኟ፣ ሹራቦቹን እያወለቀች።

«ቀልላ እንዳታሳፍረኝ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ሹራብ እኮ ለልጅሽ የሰጠናትን አልሚ ምግብ አይበላም!»

ሕፃኗ ራቁቷን ሚዛኑ ላይ ተንጠለጠለች። መዛኟ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቀስቱ ተወዛውዞ እስኪቆም ጠበቀች። ሦስት መቶ ግራም ጨምራለች።

«እሰይ የኔ ጎበዝ!» ብላ አውርዳ አቀፈቻት።

እናቲቱ እፎይ ብላ ሳቀች። «እርስዎስ፣ እትዬ፣ ስንት ልጅ አለዎት?»

«ከጠዋት ጀምሮ? አስራ ዘጠኝ» አለችና፣ ሕፃኗን ለመመለስ አልቸኮለችም።