ከሀያት ፎቶ ስር የጻፍኩት

«ርቦኝ ነው የተኛሁት? ንገሪኛ። መቼ ነው እኔ ቤት የሚበላ የጠፋው?»

እትዬ ዘይነባ ይህን የሚጠይቁት ልጃቸውን ሀያትን ነው። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ባለው የወጣት ማዕከል አዳራሽ፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የራሳቸው ፎቶ ፊት ቆመዋል። ሻርፓቸው ተንሸራቶ ትከሻቸው ላይ ወድቋል፤ ልብ አላሉትም። እግራቸው ስር አምስት ሊትር ዘይትና አንድ ፌስታል መኮሮኒ አስቀምጠዋል።

«ይኸው፣ የዕድር ሴቶች ዛሬ ጠዋት ይዘውልኝ መጡ። ችግርሽን ለምን ደበቅሽን ብለው በሬ ላይ ቆመው አለቀሱልኝ። እኔ እኮ ነኝ ለሰው የማዋጣው።»

እኔ ከሁለቱ ጥቂት ራቅ ብዬ ካርቶን እየቆረጥኩ ነበር። ያን ቀን የሆነውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልተናገርኩም፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ከፎቶው ስር ያለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በማዕከሉ የፎቶ ሥልጠና የገባን ወጣቶች ስድስት ነበርን። ሁለት ካሜራ በየተራ እየያዝን፣ የቀረውን በስልካችን፣ የየቤታችንን ኑሮ ለኤግዚቢሽን እንድናነሳ ተባልን። ሰርግና ልደት አይደለም፤ ተራውን ቀን። እኔ የማነሳው ሁሉ ይደበዝዛል፤ እጄ አያርፍም። ግጥም እንደምሞክር ስለሚያውቁ የሁሉንም መግለጫ ሰብስቤ እንዳሳትም ሰጡኝ። ሀያት ግን ዓይን ነበራት። በረመዳን አንድ ቀን ከሰዓት እናቷን አነሳቻቸው። ከመጋረጃ ሱቃቸው ተመልሰው ሶፋው ላይ ጋደም እንዳሉ እንቅልፍ ጥሏቸዋል። ፊት ለፊታቸው ባዶ ጠረጴዛ፣ ላዩ ላይ አንድ የተደፋ ሳህን። ከስሩ እንዲጻፍ የሰጠችኝ «እናቴ፣ ከዙሁር በኋላ» የሚል ብቻ ነበር፤ ከቀትር ሶላት በኋላ ማለቷ ነው።

አነሰብኝ። አየር ጤና፣ ማተሚያ ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅኩ፣ ስልኬ ላይ የእሷን ሰረዝኩና የራሴን ጻፍኩ። «እንጀራ ያጣች እናት እንቅልፍ ትበላለች።»

አላወቅኩም ልበል? ጾም ላይ መሆናቸውን አላውቅም ነበር? በዚያው ወር፣ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ ሳምቡሳ በሳህን ሞልተው ወደ እኛ ቤት የሚልኩት እሳቸው አልነበሩም? ትኩስ ትኩሱን እየመረጥኩ የበላሁት እኔ አይደለሁም? ሁሉንም አውቃለሁ። እያወቅኩ ጻፍኩት። ስንኙ ስላማረኝ ጻፍኩት። ሰው እዚያ ፎቶ ጋ ሲደርስ ቆም እንዲል ፈለግኩ፤ የሚያቆመውም የእሷ ዓይን ሳይሆን የእኔ ቃል እንዲሆን ፈለግኩ።

ቆሙም። በኤግዚቢሽኑ መክፈቻ ዕለት አንዲት ሴት እዚያ ጋ ቆማ እንባዋን ስትጠርግ አየኋት። ደስ አለኝ። መናዘዝ ካልቀረ ይህም ይነገር፤ ደስ አለኝ። ሀያት ጽሑፉን ያየችው ከእንግዶቹ ጋር እኩል ነው። እጄን ጎትታ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

«ማን ቀይር አለህ? አንሳው።»

«ነገ አነሳዋለሁ። አሁን ሰው እያየ?»

«እማዬ ብታይ ትገድለኛለች።»

«እሳቸው የት ያዩታል» አልኳት።

እናትየው እስኪያዩት መቼ ተጠበቀ? የዕድር ሴቶች አይተውት ነበር።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ እትዬ ዘይነባ፣ ፎቶው ፊት እንደቆሙ።

ሀያት አየችኝ። አንዴ ብቻ። እኔ ካርቶኑን አየሁ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ለምን እንዲያ እንዳለች ሁለት ዓመት አስቤበታለሁ። ቤታችን በአንድ አጥር ይዋሰናል፤ በሁለቱ እናቶች መካከል እሳት እንዳይገባ ይሆናል። ወይም ራሴ እስክናገር ጊዜ ልትሰጠኝ ይሆናል። ጊዜውን ተቀበልኩ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

እትዬ ዘይነባ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ብሩክ፣ አንተ እንኳ እያለህ? እሷስ ልጅ ናት እንበል፤ ግጥም እጽፋለሁ የምትል ሰው፣ እንዲህ ስትጽፍብኝ ዝም ብለህ ታያለህ?»

«አላየሁም፣ እትዬ» አልኩ።

አላየሁም። ስለ ስንኙ ምክንያት ልፈልግ እችላለሁ፤ ቃል አሳሳተኝ ልል እችላለሁ። ለዚህችስ ምን እላለሁ? ይህች ስንኝ አይደለችም፤ ምንም ውበት የላትም። የእኔን ጥፋት ልጃቸው ላይ ጭኜ በሩን የቆለፍኩባት በዚህች ቃል ነው።

«ካሜራውን መልሺ» አሏት። «ከዛሬ ወዲያ እኔ ቤት ፎቶ የሚባል ነገር የለም።» ዘይቱንና መኮሮኒውን አንጠልጥለው፣ ለሰጧቸው ሊመልሱ ወጡ።

ሀያት ከዚያ በኋላ ፎቶ አላነሳችም። አሁን ሱቅ ውስጥ መጋረጃ ትለካለች። ከአሥራ ስምንት አየር ጤና በእግሬ እመላለሳለሁ፤ በሱቁ በር ሳልፍ ዛሬ ገብቼ እናገራለሁ እላለሁ፤ አልፋለሁ። እትዬ ዘይነባ ዘንድሮም ሳህኑን ላኩልን። በላሁ። እንዴት ይበላል? ይበላል።

ልጅ ነበርኩ አልልም፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን መጻፌም ድፍረት እንዳይመስላችሁ፤ እነሱ እንደማያነቡት አውቃለሁ።

ያን ቀን እናቷ ከወጡ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ሀያት ካሜራውን ከአንገቷ አወጣች። ማሰሪያውን ጠቅልላ እፊቴ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ባትሪው ሙሉ ነው» አለች።

ሌላ ነገር ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷም የጠበቀች መሰለኝ። ከዚያ ጫማዋ ሲሚንቶው ላይ እየተሰማ ወደ በሩ ሄደች። አዳራሹ ረጅም ነው፤ ከግማሹ ብጠራት ትሰማኝ ነበር፣ እጀታውን ከያዘች በኋላም ብጠራት ትሰማኝ ነበር። ወጣች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።