እጇን የያዘው ሰው

“ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይባላል። ዶሪን ሳቦ ግን ቂሟን ይዛ በየእሁዱ ትጸልያለች፤ ጸሎቷም ፕሬስተን ዊትሎን የሚመለከት ነው። አልፈርድባትም። እንዲያውም አሜን እላለሁ።

አሜሪካ፣ ያንግስታውን ከተማ ውስጥ አረጋውያንን ከቤት ሐኪም ቤት በሚያመላልስ የበጎ አድራጎት ድርጅት እኔ ሹፌር፣ እሷ ለለጋሾች የሚቀርብ ፕሮፖዛል ጸሐፊ ነበርን። አዲስ ፕሮፖዛል ልትጀምር ስትል መጀመሪያ መጥታ እኔ መኪና ላይ ከኋላ ትሳፈራለች። ከአሮጊቶቹ ጋር ስለ ጉልበት ሕመምና ስለማይደውሉ ልጆች ስታወራ ትውላለች። “ያላየሁትን ችግር አልጽፍም” ትል ነበር።

ከጻፈቻቸው ሁሉ የለጋሾችን አንጀት የበላው ስለ አንዲት ሴት የሚናገረው ነው። በበረዶ ወቅት መኪናችን ተበላሽታ ቆመች፤ ሴትዮዋ የኩላሊት እጥበቷ አመለጣት፤ ሞተች። በሙያው ልማድ የተረጂ ስም አይጠቀስምና ዶሪን “አንዲት የሰፈራችን እናት” ብላ ጻፈች። የገዛ እናቷ ነበረች። በዚያ ጽሑፍ አዳዲስ መኪኖች ተገዙ።

ኋላ ዊትሎ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ። በገና ሰሞን ዶሪንን አስጠርቶ፣ “ፕሮፖዛሉ እንደሆነ አለ፤ በየዓመቱ ቀኑን መቀየር ነው። ለዚህ ሰው አያስፈልገንም” አላት። ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንድ ቀን ግን ዊትሎ ለጋሾቹን በእኔ መኪና ሰፈር ሊያሳይ ይዟቸው ወጣ። የዶሪንን እናት ታሪክ ጀመረና፣ “እኔ ራሴ አውቃት ነበር። ስትሞት እጇን የያዝኩት እኔ ነኝ” አላቸው። ሴትዮዋ ስትሞት እሱ ከተማችንን በካርታ እንኳ አያውቃትም! መኪናውን ቦይ ውስጥ ልከተው ምንም አልቀረኝም። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ዶሪን ቤት ሄድኩ። ድንች እየላጠች ነበር።

“እጇን?” አለች።

“እጇን።”

“የእናቴን እጅ?” ቢላዋውን አስቀመጠች። “ሚሎ፣ ለዚህ ሰውዬ እርግማን ያንሰዋል።”

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኗን ቄስ ይዛ፣ የማመላለሱን ሥራ ቤተ ክርስቲያኗ እንድትረከብ አሳመነቻቸው። ዊትሎ ገንዘቡን ቢያጣ አሮጊቶቹ በእሷ ቂም በረዶ ላይ እንዲቀሩ አልፈለገችም። ዊትሎም ለሚወዳደርበት የለጋሾች ገንዘብ ፕሮፖዛሉን በነጻ ጻፈች። ያም የዊትሎም ለመጨረሻው ዙር አለፉ፤ ሁለቱም በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ በሕዝብ ፊት ሊቀርቡ ሆነ።

ዊትሎ ያችኑ ታሪክ ተረከ። እጇን ያዝኩ ሲል ድምፁ ተቆራረጠ፤ ዓይኑንም ጠረገ፣ አስመሳይ። ጥያቄ ያለው ሲባል ዶሪን ተነሳች።

“አቶ ዊትሎ፣ የሴትዮዋ ስም ማን ነበር?”

ሲያያት ቀላ። “እኛ የተረጂዎቻችንን ምስጢር እንጠብቃለን።”

“ምስጢሩ የእኔ ነው፤ ፈቅጃለሁ። ይናገሩ።”

ዊትሎ ወረቀቱን አገላበጠ።

“እጇን ይዘው ስሟን አልጠየቋትም?”

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ነበርኩ።

“ኢሎና ሳቦ ትባላለች” አለች ዶሪን። “እናቴ ናት። ስትሞት እጇን የያዘ የለም። እኔ እንኳ አልነበርኩም፤ ቢሮ ተቀምጬ ፕሮፖዛል እጨርስ ነበር።”

የሰው ወርቅ አያደምቅም። ዊትሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ኮሪደር ላይ ደረሰባት።

“ዶሪን፣ ለብቻዬ ብትነግሪኝ ይቅርታ እጠይቅሽ ነበር እኮ!”

“ይቅርታህን ማን ፈለገው? እኔ የፈለግሁት ፊትህ እንዲህ ሲሆን ማየት ነው።”

ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያኗ ሆነ፤ እኔም እስከ ዛሬ ለእሷ እነዳለሁ። ዊትሎ ከተማውን ለቆ ሄዷል፤ የሄደበት ይራቅ።

ያን ዕለት ግን ዶሪን መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አስራ አቀረቀረች። እኔ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኛል።

“ምነው፣ ተጸጸትሽ እንዴ?”

“በጭራሽ። ዛሬም ነገም ባደርገው አልጠግብም።” ወደ መስኮቱ ዞረች። “ስንት ዓመት ሙሉ ሰው አስለቀስኩባት፣ ሚሎ። ስሟን ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። እሱ እጇን ሰረቀ፤ ስሟን የደበቅኩት እኔ ነኝ።”