ሙቀት ቆጣቢው ክሊፎርድ

የሃሊፋክስ ከተማው ክሊፎርድ ሄይግ ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ በበረዶ የተለሰነ ቁልቁለት ፈርቶ አያውቅም። የሚፈራው ቤት የሚያሞቀውን የጋዝ ሂሳብ ነበር። ፖስተኛው በበሩ ቀዳዳ ፖስታ ጣል ባደረገ ቁጥር ሳይከፍተው ገልብጦ ገልብጦ ያየዋል። ልጅ ሳለ የእናቱ ቤት ጋዝ ተቆርጦ፣ ታናሽ እህቱ በዚያው ብርድ ሳንባዋን ታማ ሞታለች። እኛ ጎረቤቶቹ ይህን ሳናውቅ ገብጋባ እያልን እናማው ነበር። እግዜር ይቅር ይበለን!

ጡረታ ሲወጣማ ባሰበት። ኖቬምበር ሳይገባ ማሞቂያ መክፈት እርም ነው። ከገባም በኋላ ጠዋት ጥቂት፣ ማታ ጥቂት፣ ያውም ሳሎን ብቻ። የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጋዜጣ ወትፏል። የፊት ለፊቱን በር ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ ወፍራም መጋረጃ ስለጋረደበት ሰው ሁሉ በጓሮ በር ነው የሚገባው። ሳሎን ውስጥ በጋዝ የሚነደውን የማሞቂያ ቦይለር በየዓመቱ የሚያየውን ባለሙያ እንኳ፣ «ይሠራ የለም እንዴ? ምን ያስመረምረኛል?» ብሎ ካስቀረው ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ጎረቤቱ ሜቪስ ደግሞ አፏ አያርፍም። «ክሊፍ፣ እዚህ ቤት ሥጋ ቢሰቀል እስከ ፋሲካ አይበላሽም!» ትለዋለች።

«ሹራብ የሚባል ነገር አለልሽ» ይላታል።

ሚስቱ ኢኒድ ትስቃለች እንጂ ምንም አትልም። እጇ ላይ ግን የሱፍ ክርና የሹራብ መሥሪያዋ አይጠፉም።

በዚያ ዓመት ጃንዋሪ ላይ በረዶው ሲከመር ኢኒድ ታመመች። ራሷን ያማታል፣ ያጥወለውላታል፣ ተቀምጣ ታንቀላፋለች። ክሊፎርድም ራሱ ይከብደዋል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ኮረብታው ላይ የሚያረባቸውን እርግቦቹን ሊመግብ ሲወጣ ቀለል ይለዋል። ጉንፋን ነው አሉ። የእህቱ ነገር ግን ትዝ አለው። ያን ጊዜ ነው በዕድሜው አንዴ እጁን የፈታው፤ ሕጉን ራሱ ሽሮ ማሞቂያው ጠዋቱን ሙሉ እንዲነድ ፈቀደ። «ይንደድ! ሂሳቡን ሲመጣ እናየዋለን» አላት። ኢኒድ ቀና ብላ አየችው። ባሏን እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም።

ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ግን እሷ ባሰባት። ምን ዓይነት ነገር ነው ይሄ?

በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ከእርግቦቹ ሲመለስ ወንበሯ ላይ እንደተኛች አገኛት። ጉንጯ ቀልቷል። «እሰይ፣ ደም ገባሽ!» አላት ደስ ብሎት።  ትከሻዋን ነቀነቃት፤ አንገቷ ዘንበል አለ። ቀና ሲል የማሞቂያውን የእሳት ማያ መስታወት አየ፤ ሰማያዊ መሆን የነበረበት ነበልባል ቢጫ ሆኖ ይዋልላል። ያ ያስቀረው ባለሙያ የነገረው ነገር ትዝ አለው። «ቢጫ ካዩ፣ ያጥፉና ይውጡ።»

 እሳቱን አጠፋ፤ በብብቷ ይዞ ጎተታት። የጓሮው በር ሩቅ ነው። የፊቱ በር እዚሁ አፍንጫው ሥር ነው፤ ግን በገዛ እጁ አሽጎታል! መጋረጃውን ከነብረቱ ገነጠለው። ፕላስተሩን በጥፍሩ ቧጠጠ፤ አልላቀቅ አለው። «ኢኒድ፣ እንዳትሞቺብኝ! እባክሽ እንዳትሞቺብኝ!» እያለ እንደ ሕፃን እያለቀሰ በጫማው ረገጠው፣ በትከሻው ገፋው። እኔ ከጎረቤት ጩኸቱን ሰምቼ ስወጣ በሩ ተበርግዶ፣ ሁለቱም በረዶው ላይ ወድቀው፣ እሱ ኮቱን አውልቆ አልብሷት አገኘኋቸው። ትተንፍስ አትተንፍስ አይለይም ነበር። አምቡላንሱ እስኪመጣ ድረስ እጇን አልለቀቀም።

በማግስቱ ከጋዝ ድርጅት አንድ ሰው መጣ። ከሆስፒታል ገና፣ ትድን እንደሆነ አናውቅም ተብሎ ነበር። ክሊፎርድ ደረጃው ላይ ተቀምጧል።

«የጭስ ማውጫው ጥቀርሻ ሞልቶታል» አለ ሰውየው። «ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳም ተደፍኗል። እሳት አየር ሲያጣ መርዝ ነው የሚተፋው፤ ሽታ የለው፣ ምን የለው። ይህን ቀዳዳ ማን ደፈነው አባት?»

«እኔ እሱን አልነካሁም! ቤቱን ሁሉ ስደፍን እሱን አልነካሁም! አይደፈንም ተብያለሁ!»

ሰውየው ሶፋውን ገፋ አድርጎ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ስቦ አወጣ። በሰማያዊ የሱፍ ክር የተሠራ ውታፍ ነው፤ በቀዳዳው ልክ፣ ጥርት ባለ እጅ፣ ጠርዙ ሳይቀር ተለቅሞ። ክሊፎርድ የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም። ኪሱ ከተተውና ወጣ።

ሆስፒታል ሲደርስ ኢኒድ ነቅታለች። የኦክስጅን ጭንብል አፏ ላይ አድርገውላታል። የክሩን ውታፍ ከኪሱ አውጥቶ አልጋው ላይ ሲያስቀምጠው ፊቷ ተለወጠ፤ ልትደበቅ የፈለገች ትመስላለች። ጭንብሉን ገለጥ አደረገች።

«ንፋስ ያስገባ ነበር፤ እግሬን እየቆረጠመኝ ነው የደፈንኩት» አለች በሰለለ ድምፅ። «ከኖቬምበር ጀምሮ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ኢኒድ? ማሞቂያው ይጨመር ብትዪኝ ምን ነበረበት?»

ኢኒድ አላየችውም። አንሶላውን በጣቶቿ ጨበጥ አደረገች።

«አንተን ፈርቼ ነዋ» አለች።