አቶ መርሻና ባዶው የኋላ ወንበር

በስደት በምንኖርበት በስትሪትሃምና በአካባቢው ብዙዎቻችንን መኪና መንዳት ያስተማሩን አቶ መርሻ፣ በሆስፒታል ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። በቀብራቸው ላይ ብዙ ንግግር ሰማሁ። ደግነታቸውን በረጅሙ ካወሱት መካከል በሕይወት ሳሉ በሐሜት ያቆሰሏቸው ነበሩበት። ስም አልጠራም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። እኔ ግን የማውቀውን ልጻፍ፤ አለበለዚያ ነገሩ እነሱ እንዳሉት ሆኖ ሊቀር ነው።

ደርግ ወድቆ ሰው ሁሉ አገሬ ልግባ በሚልበት ሰሞን ባለቤቴ እዚህ አረፈ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞሩ የመርዳት ሥራ አገኘሁ፤ ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ካላመጣሁ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጡት ነገሩኝ። ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። የባሌ ወንድም «አስካለ፣ ባስ መች አነሰሽና ነው?» ብሎ በሰው ፊት አሳቀብኝ። በማግስቱ ለአቶ መርሻ ደወልኩ።

መኪናቸው በአስተማሪውም እግር ሥር ፍሬን ያላት ትንሽ ቀይ መኪና ነበረች። እሳቸው ግን ፍሬኑን ለመርገጥ አይቸኩሉም፤ ሲቆጡም ድምፃቸው ከፍ አይልም። የእኔ ችግር ፍጥነት ሳይሆን ይሉኝታ ነበር። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል አደባባይ ላይ፣ ተራዬ ደርሶ እንኳ፣ ለመጣው ሁሉ እጄን ዘርግቼ «ይለፉ» እላለሁ። አንድ ቀን ከኋላችን ያለው ሰልፍ ጥሩምባውን ሲያቀልጠው፣

«ወይዘሮ አስካለ፣ ማንን እየጠበቅን ነው?» አሉኝ።

«ሰውየው ይለፍ ብዬ ነው።»

«እሱማ አልፎ ቤቱ ገብቷል። አሁን የሚጋብዙት የልጅ ልጁን ነው።»

ሳቄ መጣና የመኪናዋ ሞተር ጠፋብኝ። እሳቸውም ረጋ ብለው «ተራዎን መውሰድ ነውር አይደለም» አሉኝ።

በመጀመሪያው ፈተና የወደቅሁት በዚሁ ነው። ፈታኙ ከመጠን በላይ ታመነታለች ብሎ ጣለኝ። አሠሪዎቼ አንድ ዕድል ብቻ ጨመሩልኝ።

ወሬው የተነሣው ያን ጊዜ ነው። «ባል የሞተባት ሴት ከሰው ባል ጋር በመኪና ስትዞር ትውላለች» ተባለ። እኔም ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ሁለት ሽማግሌዎች አቶ መርሻ ቤት ድረስ ሄደው ሴት ማስተማራቸውን እንዲያቆሙ መከሯቸው። በሚቀጥለው ቀጠሮ አቶ መርሻ ሲመጡ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ ቦርሳቸውን አቅፈው ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። መሪውን ሳልነካ ወረድኩ።

«እኔ ጠባቂ የሚቆምብኝ ሴት ነኝ?»

«ለእርስዎ ስም ብዬ ነው።»

«ስሜን ለእኔ ይተዉልኝ። ያ ወንበር ባዶ ካልሆነ አልነዳም።»

ወይዘሮ የሺ ከኋላ ሆነው «እኔስ መች ወድጄ መጣሁ? ገና ሳትነሣ ያዞረኛል!» አሉ።

አቶ መርሻ መሪውን ራሳቸው ይዘው፣ ባለቤታቸውን እንዳስቀመጡ ሄዱ። ያ ነገር ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ ቅር ያሰኘኝ ሰው ስለ ሞተ ብቻ ረስቼዋለሁ አልልም። ከዚያ በኋላ ያደረጉልኝን ግን ማንም አላደረገልኝም።

እሑድ ረፋዱ ላይ ብቻቸውን መጡ። «ነጠላዎን ይልበሱ፤ ዛሬ የምንሄደው በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው» አሉኝ። ነጠላዬን ለብሼ ነዳሁ። ስንደርስ ቅዳሴው አልቆ ሰው ደጃፉን ሞልቶታል፤ ሽማግሌዎቹም ቆመዋል። ቀስ ብዬ ዳር ላይ አቆምኩ። አቶ መርሻ ወርደው፣ ዞረው መጥተው በሩን ከፈቱልኝ። ከዚያም ባርኔጣቸውን አውልቀው ለሁሉም እጅ ነሡና፣

«ወይዘሮ አስካለ ሐሙስ ፈተና አለባቸው፤ በጸሎት አስቧቸው» አሉ።

በመካከላቸው አልፌ ገብቼ ተሳለምኩ።

በዚያው ሳምንት ሁለት ቤተሰቦች ሴት ልጆቻቸውን ከእሳቸው ትምህርት አስወጡ። ይህን የነገሩኝ ወይዘሮ የሺ ናቸው፤ አቶ መርሻ አንድም ቀን አላነሡብኝም። ሐሙስ ዕለት ተራዬን አይቼ አደባባዩ ውስጥ ገባሁ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ሥራውንም ያዝኩ።

ጋሽ መርሻ፣ በቀብርዎ ላይ ሌላው ሁሉ ሲናገር እኔ አፌን ይዤ ቆምኩ። ሁለታችንም ኩሩዎች ነበርን፤ ያ እሑድ ምን እንዳሳጣዎት እኔም ሳልጠይቅ፣ እርስዎም ሳይነግሩኝ ተለያየን። አሁን ወይዘሮ የሺን ሐኪም ዘንድ የማመላልሳቸው እኔ ነኝ። ውለታ ለመመለስ እንዳይመስልዎት፤ ቤታቸው መንገዴ ላይ ስለሆነ ነው። ስለ እሳቸው አያስቡ፤ በሰላም ይረፉ።