ከፊሽካው በፊት ያልሁት

ድምፄ ትልቅ ነው። ለመመካት አይደለም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከገበያ ስመለስ መንገዱ ማዶ ሆኜ «እማዬ፣ በሩን» ስል፣ ከእኛ በር በፊት የጎረቤቶቻችን በሮች ይከፈታሉ። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ይሏቸዋል፤ እኛ ልጆቻቸው «አባባ» ብንላቸውም እርስዎ እያልን ነው። ሰዎች ድምፁን ከእሳቸው ወረሰችው ይላሉ። እሳቸው ግን «የእኔስ ለማኅሌት ነው፤ የእሷ ለምን እንደተሰጣት ገና አልታወቀም» ይሉ ነበር።

ለምን እንደሆነ አምና ታወቀ።

አምና የቀበሌያችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አምበል ነበርሁ። ኳሱን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከዓሣ አጥማጆች የተቀደደ መረብ ለምኖ አመጣ፣ ቀዳዳውን በሲባጎ ቋጠረና ከጣና ዳር በሁለት ዛፎች መካከል ወጠረው። የመጀመሪያው ቀን መረቡ ገና ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል፤ ነፋሱን ያላወቀ ሰው የመታት ኳስ ግማሽ መንገድ ላይ ሐሳቧን ቀይራ ትወድቃለች። ስለዚህ ወንድሜ ከመጫወታችን በፊት ሁልጊዜ «ነፋሱ ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሳልመልስ ኳስ አይሰጠኝም።

ከዚያ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። መረቡ እዚያው ቀረ። እናቴ ግን በዚያ መንገድ ማለፍ ተወች፤ ውኃ ዳር የሚያደርሳት ጉዳይ ቢኖራት እንኳ ዞራ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። የቀበሌዎች ውድድር መጨረሻው ደርሶ ነበር። ከዚያ ጨዋታ ጎበዝ ጎበዞቹ ተመርጠው ለክፍለ ሀገሩ ውድድር ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። እኔ ከባሕር ዳር ወጥቼ የማውቀው ጢስ ዓባይን ብቻ ነው፤ እሱንም በእግሬ። ደብረ ማርቆስን እንዴት እንደተመኘሁ ለመጻፍ አሁን እንኳ እጄ ይቸኩላል።

በዚህ ጊዜ ያለ መፈክር የሚጀመር ጨዋታ የለም። ተጫዋቾች እንሰለፋለን፣ ግራ እጃችንን ጨብጠን እናነሳለን፣ አንዱ መፈክር ያሰማል፣ ሕዝቡ የመጨረሻዋን ቃል እየደገመ ይቀበላል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያሰማው የቀበሌው ካድሬ ነበር። እኛ እጃችንን እያነሳን ስለ ኳሱ እናስባለን። ማልያ እንደመልበስ ነው፤ ለብሰሽው ስታበቂ ትረሺዋለሽ።

ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ግን ካድሬው ቀበሌ አስጠራኝ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ፣ ገና ወጣት፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነው። «ጓድ አምበል» አለኝ። ማንም እንዲህ ብሎኝ ስለማያውቅ፣ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። ያን ድምፅሽን አብዮቱ ይጠቀምበት፣ እሑድ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለውን አንቺ ታሰሚያለሽ አለ። ጥሩ ካደረግሽ ደብረ ማርቆስ ላይም አንቺ ነሽ አለ። ጥሩ ካላደረግሁ ምን እንደሚሆን አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም።

ወደ ቤት ስመለስ ውኃ ዳር ቆሜ ሞከርሁት። የመጀመሪያው ጥሩ ወጣ፤ ከቄጠማው ውስጥ ወፎች ተነሡ። ሁለተኛውን ልል ስል እናቴ እሑድ ሜዳው ላይ ከፊት ተቀምጣ በሐሳቤ ታየችኝ። ከጨዋታዬ አትቀርም፤ ሁልጊዜ ከፊት ናት። ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር። ከቤታችንስ ሄዷል፤ ከእኛ ደግሞ ምን ቀርቶ ይሂድ አልሁ። አፌን ዘግቼ ወደ ቤት ገባሁ።

በማግስቱ ልምምድ ላይ ለጓደኛዬ ነገርኋት። ኳስ የምታመቻችልኝ እሷ ናት፤ እሷ ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ እመታለሁ። ስፖርተኛ ኳሱን ይምታ፣ ፖለቲካውን ለካድሬው ይተውለት አልኋት። ትስማማለች ብዬ ነበር። የጓደኛዬ አባት ግን ሃምሳ አለቃ ናቸው፤ ሰሜን ግንባር ከሄዱ ቆይተዋል። ኳሷን ደረቷ ላይ ይዛ አፈጠጠችብኝ።

«አባቴ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ እኔ እዚህ ኳስ ከፍ ሳደርግልሽ፣ ስለሱ አንዲት ቃል እንኳ ትቅር ነው የምትይው? ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት?»

ሰውማ የሚሰበሰበው ለኳስ ነው፣ ለስብሰባ ቢጠሩት እግሩን ያመዋል ብዬ ልቀልድ ሞከርሁ። አልሳቀችም። «እንግዲያው ሰው ባለበት ካልተነገረ የት ይነገር? ለዓሣው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ሐሳብ ይዤ ሄጄ ያለ ሐሳብ ተመለስሁ።

ቤት ስደርስ አባቴ ከተማሪዎቻቸው ጋር ነበሩ። ስለ ቅኔ ቤት ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። እዚያ ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም። ተማሪ ለማኅሌት ሲቆም አዲስ፣ የራሱን ይዞ ነው። የሰው ቅኔ ይዞ የቆመ፣ ቢያምርም ጉድ ፈላበት። አንድ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ተማሪ፣ እዚህ ማን ያውቅብኛል ብሎ የሌላ መምህር ቅኔ ለአባቴ ነገራቸው። አባቴ ጨርሶ እስኪያወርድ በትዕግሥት ሰሙትና «ይህችን ቅኔ አውቃታለሁ። ባለቤቷ ደህና ናቸው?» አሉት። ልጁ እስካሁን «ባለቤቷ ደህና ናቸው?» ነው ቅጽል ስሙ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠየቅኋቸው። ሌላ ሰው የሰጠኝን ቃል በሕዝብ ፊት ባሰማው ምንድን ነው አልሁ። ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«መላላክ ነው» አሉ። «መላላክ ነውር የለውም። ብቻ ኋላ ተናገርሁ አትበይ።»

«የራሴን ብልስ፣ አባባ?»

«ያን ጊዜ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ሲጠይቁሽ የምትመልሺ ከሆነ ተናገሪ። የማትመልሺ ከሆነ ኳስሽን ተጫወቺ።»

እናቴ ከጓዳ ሁሉንም ሰምታለች። ወጥታ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች ቆመች። አንድ ልጄን ወስደዋል፣ አንቺን ደግሞ ለምላስሽ ብለው እንዳይወስዱብኝ አለች። የሰጡሽን ብለሽ ዝም በይ፣ ቃል ያልፋል አለች። ቀጥላ ቀስ ብላ «እኔ ጆሮዬን ይዤ እቀመጣለሁ» አለችኝ።

የቆረጥሁት ያኔ ነው። እናቴ እኔን ለማየት መጥታ በእኔ ድምፅ ጆሮዋን ልትይዝ? ይህስ አይሆንም። ዝም ማለትም አልፈለግሁም፤ ጓደኛዬ ዝምታውን ነጥቃኛለች። የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር፤ የራሴን መጻፍ። ጻፍሁ፣ ሰረዝሁ፣ እንደገና ጻፍሁ። እንዲህ ያለ ደስታ መኖሩን አላውቅም ነበር። አጭር መሆን አለበት፤ በአንድ ትንፋሽ መባል አለበት፤ ደግሞ ሲጠይቁኝ የማላፍርበት መሆን አለበት። በመጨረሻ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀረችኝ። ለጓደኛዬ ሳነብላት «ወንድሞቻችን ብቻ? አባቴስ?» አለች። እውነትም ረስቻቸው ነበር። ጨመርኋቸው።

ካድሬው ቢሮ ሄጄ መፈክሩን እኔው አሰማለሁ፣ ግን እኔ የጻፍሁትን ነው አልሁት። ሳቀ። እስቲ ልስማት አለ። ነገርሁት። መሳቁን ተወና ውስጧ የተደበቀ ነገር እንዳለ ሊያይ ገልበጥ መለስ አደረጋት። የሚያስቀይም አላገኘባትም። «ድል አድርገው የሚል ጨምሪባት» አለኝ።

«ጓድ፣ እርስዎ ከጨመሩባት የእርስዎ ናት። ያን ጊዜ እርስዎ ይበሏት» አልሁ። ድምፄ፣ እግዜር ይስጠው፣ አልተንቀጠቀጠም።

«እሑድ የምትይውን አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። ይፍቀድ ይከልክል አልገባኝም። ወጥቼ ሄድሁ።

እሑድ ሜዳው ሞልቶ ነበር። የፋብሪካ ሰፈር ልጆች ነበሩ ተጋጣሚያችን፤ ማልያቸው አዲስ፣ የእኛ የታጠበ። እናቶች ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከሰባታሚት ለቅዳሜ ገበያ መጥተው ዘመድ ቤት ያደሩ ሴቶችም ከእነሱ ጋር አሉ። ነፋሱ ከሐይቁ ነበር። ተሰለፍን። ካድሬው ድምፅ ማጉያውን ሲሰጠኝ፣ አያስፈልገኝም ብዬ መለስሁለት። ከኋላ አንድ ሰው «ኧረ እሷስ ጎንደር ድረስ ትሰማለች» አለ፤ ሰው ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ግራ እጄን አነሣሁ።

«ወደ ግንባር የሄዱ አባቶቻችንና ወንድሞቻችን በሰላም ይመለሱ!»

ደንቡ ሕዝቡ ጨብጦ «ይመለሱ» እንዲል ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ወገን እንደዚያው አለ። የእናቶቹ ወገን ግን፣ እጁ ግማሽ መንገድ ከተነሣ በኋላ፣ ጭብጡን ፈታ። መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አሜን» አሉ። መፈክር መሆኑን ረሱት። ምርቃት ነዋ የመሰላቸው፤ ለምርቃት ደግሞ እኛ አገር ከአሜን በቀር መልስ የለም። ከሰባታሚት የመጡ አንዲት አሮጊት «አሜን፣ ይደረግልን፣ አፍሽ ይባረክ» ብለው እልልታውን ለቀቁት፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

በእንዲህ ያለ ቦታ አሜን ተብሎ አያውቅም። እልልታው ሲያልቅ ሜዳው ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ካድሬውን ያያል። የእሱ ግራ እጅ ገና እንደተጨበጠ በአየር ላይ ነበር፤ ምን እንደሚያደርግበት የጠፋው ይመስል ነበር። እኔ ያየሁት ግን እናቴን ነው። እጆቿ ጆሮዋ ላይ አልነበሩም። ጉልበቷ ላይ ተዘርግተው ነበር።

ካድሬው እጁን አወረደና ለዳኛው ምልክት ሰጠ። ፊሽካ ተነፋ።

አሸነፍን። ነፋሱን የምናውቀው እኛ ነበርን፤ የፋብሪካ ሰፈር ልጆች አዲሱ ማልያቸው አልረዳቸውም። ጓደኛዬ ያን ቀን እንዳመቻቸችልኝ ከዚያ በፊት አመቻችታልኝ አታውቅም።

ለደብረ ማርቆስ ግን እሷ ተመረጠች፣ እኔ ቀረሁ። አምበልነቱንም ለሌላ ሰጡት። ካድሬው ጠርቶ ጥሩ ተጫዋች ነሽ፣ ግን ዲሲፕሊን ይቀርሻል አለኝ። ማን ጻፈልሽ ብሎም ጠየቀኝ። ራሴ ነኝ አልሁ። አባትሽ ናቸው አለ። አባቴ ቢጽፉትማ በግዕዝ ይሆን ነበር አልሁት። ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ዋጠው። ሂጂ አለኝ። ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ጓደኛዬ መኪና ላይ ስትወጣ ደግሞ ሸኘኋት፣ አልቀረሁም።

ቢሆንም ነገሩን ባሰብሁት ቁጥር ያችኑ እላት ነበር። ስፖርተኛ ሜዳ ላይ ስለ አገሩ ነገር ይናገር ወይስ ዝም ይበል ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ አሁን፤ ይናገር። ሰው የሚያየው እዚያ ነው። ግን የሚናገረው የራሱ ይሁን፣ ሲጠይቁትም ይመልስ። ዝም ያለችውንም ዝም አልሽ ብሎ ከመስመር የሚያወጣት አይኑር።

በሚቀጥለው ውድድር አዲሷ አምበል የተሰጣትን አሰማች። እኔ ከረድፉ መጨረሻ ቆሜ ነበር። «ምርታማነት ይደግ» ስትል የእናቶች ወገን «አሜን» አለ። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» አለች። አሁንም «አሜን»፣ መዳፍ ተዘርግቶ። ለምዶባቸዋል። ካድሬው መሬት መሬቱን አየ፤ እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነከስሁ።

ወንድሜ ገና አልመጣም። እኔ ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ዛፎቹ ጋ እሄዳለሁ፤ ዘንድሮም የተጫዋቾች ምርጫ አለ። ባለፈው ሳምንት መረቡ ጋ ስደርስ እናቴ ቀድማኝ ቆማለች። የላላውን ቋጠሮ ፈትታ እንደገና እያሰረች ነበር። ስትጨርስ ኳሷን አነሣች፤ አያያዟ የዱባ ነው።

«ዘንድሮም ተናገሪ ካሉሽ ያችኑ በይ» አለች። «ጥሩ ናት።»

«አንዴ የተባለ አይደገምም፣ እማዬ። አዲስ ጽፌያለሁ።»

ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «ነፋሱ ወዴት ነው?» አለችና፣ መልሴን ጠብቃ ኳሷን ወረወረችልኝ።