ስለ ሊትየም የተጠየቅሁበት ጠዋት

ይህ የደረሰብኝ የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ በአንድ የጥር ጠዋት፣ ደባርቅ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የሰጠሁትን አንድ መልስ እስካሁን አገላብጠዋለሁ፤ ደግ አደረግሁ ወይስ አጠፋሁ እያልኩ።

በአንዲት ትንሽ ሱቅ ራዲዮ እጠግን ነበር። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ ስላቋረጥኩ ሙያውን የተማርኩት የተበላሹ ራዲዮዎችን እየፈታሁ ነው። እንግሊዝኛውንም ያገኘሁት ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። አንድ ቀን ዳባት ወርጄ ምስማር ገዛሁ። ባለሱቁ የጠቀለለልኝ ከባሕር ማዶ የሳይንስ መጽሔት በተቀደዱ ሁለት ሉሆች ነበር። ምስማሩን አራግፌ ሉሆቹን ማንበብ ጀመርኩ። ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ጽሑፉ ስለ አዲስ ዓይነት ባትሪ ነበር። ውስጡ ፈሳሽ የለም፤ በፈሳሹ ፋንታ የሊትየም ጨው የተዋሐደበት ፕላስቲክ መሰል ስስ ነገር አለ። ኤሌክትሪክ የሚያሻግሩት የሊትየም ቅንጣቶች በዚያ ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ቁሱን በትንሽ የመስታወት ቱቦ አድርገው ኃይለኛ ማግኔት መሀል ያስቀምጡታል። ቱቦው ላይ በተጠመጠመ ሽቦ የራዲዮ ሞገድ ይልኩበታል፤ ሊትየሙ የሚመልሰውንም ደካማ ሞገድ ይቀበላሉ። ቁሱ ሲቀዘቅዝ ቅንጣቶቹ ባሉበት ይያዛሉ፤ ምልክታቸውም ሰፊና የተበተነ ይሆናል። ሲሞቅ ይንቀሳቀሳሉ፤ ምልክቱም ይጠባል።

አንድ የማይታይ ነገር መቆሙና መሄዱ በዚህ መንገድ መታወቁ ገረመኝ። ሥዕሉን «ኒውክሌር» ከሚለው ርእሱ ጋር በማስመሪያ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩ። ከሥሩ ሙቀቱንና የምልክቱን ስፋት በሰንጠረዥ ጻፍኩ፤ ከየቁጥሩም ጎን «ቆሟል»፣ «ይሄዳል» ብዬ አሰፈርኩ።

አብዮት ጠባቂዎች ሱቄን ሲፈትሹ ያገኙት ይህንን ደብተር ነው። በዚያ ሰሞን በተራራው በኩል ታጣቂዎች ታዩ ይባል ስለነበር ከተማው ተጨንቋል። ቀበሌ ወሰዱኝ። እናቴ ተከትላን መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ገለጡ። «ኒውክሌር ይላል» አሉ። «ራዲዮው አልበቃ ብሎህ ቦምብ ጀመርህ?»

«አይደለም ጓድ ሊቀመንበር። ኒውክሌር የተባለው የአቶም እምብርት ነው።»

«እሺ፣ ይቺ የምትቆመዋና የምትሄደዋ ሊትየም ማን ናት? የዳባት ልጅ ናት ወይስ የጦራችን የምስጢር ስም?»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ጉዳዩ ወደ ጎንደር እንደሚተላለፍ ነገሩኝ። ከሠፈራችን በስለላ ተጠርጥሮ ጎንደር ከተላከ ሰው እስከዚያ ቀን የተመለሰ አልነበረም።

ከመላኬ በፊት ደብተሩን እንዲያየው ከጦሩ ካምፕ አንድ የመገናኛ ሃምሳ አለቃ አስጠርተው ነበር። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ከሲታ ሰው ነው። ሥዕሉን አጎንብሶ ብዙ አየው።

«አንቴናው የት አለ?» አለኝ።

«የለውም። ሽቦው የሚሰማው ቱቦው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው።»

«ምን ያደርግልሃል?»

«ምንም። ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ምንም አለ! ሰማህ?» አሉ ሊቀመንበሩ። «ለምንም ብሎ ይህን ሁሉ ቁጥር የሚጽፍ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ሃምሳ አለቃው ድምፁን ለዘብ አደረገ። «ሁላችንም የራዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። ሲሞቅ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ይኼ የጻፍኸው የእሱ ትምህርት ነው፤ አይደል?»

በር እየከፈተልኝ እንደሆነ ገባኝ። ሊቀመንበሩም የራሳቸውን ድንጋዮች መስኮታቸው ላይ ደርድረው እንደሚያሞቁ አውቃለሁ። የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ነበር።

«አይደለም» አልኩ። «በእኛ ድንጋይ ውስጥ ሊትየም የለም። ሙቀት ሁለቱንም ያግዛል፤ ይኼ ጥናት ግን ስለ እኛ ድንጋይ አይናገርም።»

«አዬ ልጄ» ስትል እናቴን ከበሩ ላይ ሰማኋት።

ሃምሳ አለቃው ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ከጣጣው ላወጣው ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ሰላይ ቢሆን አዎ ብሎ ይገላገል ነበር። ነፍሱን ለማትረፍ እንኳ አንድ ቃል ማዛባት ያቃተው ሰው ምን ምስጢር ይይዛል?»

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ዘግተው መልሰው ገለጡት። «በአንተ ኃላፊነት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ትፈርማለህ?»

ፈረመ። ደብተሩን እነሱ አስቀሩት፤ እኔ ወጣሁ።

ከእናቴ ጋር ወደ ቤት ሄድን። ቤታችን ስንቃረብ ቆም አለች። «አዎ ብትል አፍህ ይቆስል ነበር?»

«ውሸት ነዋ።»

«ለእኔ ስትል አትዋሽም?»

ቀድማኝ ወደ ቤት ገባች።

ጦሩ በዚያው ሳምንት ከደባርቅ ተንቀሳቀሰ። የሃምሳ አለቃውን ስም እንኳ አልጠየቅሁም ነበር። ይህን ታሪክ የሰሙ ሰዎች ጀግና ይሉኛል። ጀግንነት አልነበረም። የተሳሳተ ነገር ሲባል ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ አፌ ቀድሞኝ ነው። ደግሞም ሌላ ሰው ቢመረምረኝ ኖሮ ያው መልስ ጎንደር ያስልከኝ እንደነበር አውቃለሁ። እውነት ተናግረው ሰሚ ያላገኙ ብዙ ነበሩ።

ዛሬም ብጠየቅ «አይደለም» የምል ይመስለኛል። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን አንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞር ብዬ እናቴን አያት ነበር።