የጸጋነሽ ሁለት ዓመት

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም። አብረውኝ ለሚጸልዩ እህቶችም አልነገርኳቸውም። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁና ሳላሳምር ልንገራችሁ። የሰው ዕድሜ ሰርቄአለሁ። የሰረቅኩትም ከጓደኛዬ ከጸጋነሽ ነው።

ጂንካ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር ሥራ ፈላጊዎች ነበርን። እሷ ለጂንካ ቅርብ ከሆነችው ከገዘር፣ የገበሬ ልጅ ናት። ከጤና ትምህርት እንደተመረቀች፣ ኦሞ ወንዝ ዳር ባለችው የካራ መንደር በዱስ ወንጌላዊ ሆኖ ወደሚያገለግለው ወንድሟ ወርዳ፣ ያለ ደመወዝ ሁለት ዓመት እናቶችን ስታስተምር ኖራለች። የካራን ቋንቋ እዚያው ለምዳለች። ኦሞ ሞልቶ ሳለ ምጥ የያዛትን ሴት በታንኳ አሻግራ አዋልዳለች። እኔስ? እኔ በዚያ ሁለት ዓመት ከጂንካ ንቅንቅ አላልኩም። ከእሷ የምበልጠው ኮምፒውተር በመቻሌ ብቻ ነበር።

አንድ የእርዳታ ድርጅት ለታችኛው ኦሞ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ማመልከት የሚቻለው በኦንላይን ብቻ ነው። ጸጋነሽ ሲቪዋን እንድጽፍላት ለመነችኝ። ኢንተርኔት ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

"ደብዳቤ የሌለው ሥራ ይቆጠርልኛል?" አለችኝ።

"በደንብ ከተጻፈ ይቆጠራል" አልኳት። በደንብ ጻፍኩት።

እሷ ገበያ ስትሄድ ጽሑፉን ገልብጬ፣ በቅጂው ላይ ስሟን አጥፍቼ የራሴን ስም አስገባሁ። ዱስን፣ ታንኳውን፣ ቋንቋውን እንዳለ ተውኩት። ከዚያ ሁሉ አመልካች መሀል ማን ያስተያያል ብዬ ቃሉን እንኳ አልቀየርኩም። የእኔን አስቀድሜ ላክሁ። የእሷን ከምሳ በኋላ ላክሁት። ለምን የእሷንም ላክሁ? አልከዳኋትም ብዬ ራሴን ለማሳመን ነበር።

ሁለታችንም ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። እኔ ቀድሜ ገባሁ። ታሪኳን ደጋግማ ስለነገረችኝ የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩ። ከእኔ በኋላ ገባች፣ ወዲያውም ወጣች።

ቤት ስትመጣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ይህ ጽሑፍ ቀድሞ በሌላ ሰው ስም ደርሶናል፣ ገልብጠሻል አሉኝ። በካራ ቋንቋ ልናገርላቸው ብል ቋንቋውን የሚሰማ ሰው አልነበረም።" ቀና ብላ አየችኝ። "ኮምፒውተሩ አምታቶት ይሆን?"

"ሊሆን ይችላል" አልኳት።

እንዲህ ስል አፌ እንዴት አልተሳሰረም?

ሥራውን አገኘሁ። ስነግራት አቅፋኝ፣ "ጌታ ይመስገን፤ አንዳችን እንኳ ወጣን" አለች። ወር ሳይሞላ ዕቃዋን ጠቅልላ ገዘር ገባች።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዱስ ስወርድ እናቶቹ ከበቡኝ። ከሚሉት አንድ ቃል አልገባኝም። ከመንደሩ የያዝኩት አስተርጓሚ፣ "ጸጋነሽ መቼ ነው የምትመለሰው? እያሉሽ ነው" አለኝ።

"አላውቅም በላቸው" አልኩ።

ባለፈው ዓመት ልነግራት ቆርጬ ገዘር ሄድኩ። ጓሮ እንሰት ስትፍቅ አገኘኋት። እጇን አብሳ ሳመችኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አመልክታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

"አይ፣ ሌባ ከተባልኩ በኋላ ስሜን ወረቀት ላይ ማስፈር ፈራሁ" አለች። ከዚያ አጠገባችን ወደተቀመጠው ባሏ ዞራ፣ "እኔን ለማስቀጠር ያን ያህል የደከመችው እሷ ናት" አለችው። ባሏ ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

ያቀረበችልኝን በልቼ፣ መርቃኝ፣ በሚኒባስ ተመለስኩ።

ችግር ነው ያስገደደኝ አልልም፤ እሷም ችግረኛ ነበረች። ልጅነት ነው አልልም፤ እኩዮች ነበርን። ከእናንተም ይቅርታ አልጠይቅም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው ጸጋነሽ ናት፤ እሷ ደግሞ የበደላት ሰው መኖሩን እንኳ አታውቅም።